በጥቁር ዓባይ ዳር የነበረው የመንገደኞች ሠፈር

ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋራ ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በካርቱም ከተማ በኩል ባለው ዳርቻው፥ የጀልባ ክበብ ግቢ ነበረ። አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች ለብዙ ዓመታት ድንኳናቸውን ሲተክሉ የኖሩት በዚህ ግቢ ነው። ጉባኤውን የሚጠራ ሊቀ መንበር አልነበረም፤ ቀጠሮውን የሚቈርጠው የአየሩ ጠባይ ነበር። የካርቱም ሙቀት በበልግ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፥ አስተዋይ መንገደኛ ሁሉ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ለመድረስ ይጣጣር ነበር። ስለዚህም በየዓመቱ ላንድሮቨሩና ላንድክሩዘሩ፥ አልጋና ምድጃ በውስጡ የተሰናዳለትም በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና፥ ጐን ለጐን ቆሞ ይታይ ነበር።

የክበቡ ቤት ሕንፃ ሳይሆን መርከብ ነበረ። ስሙም ሜሊክ ይባላል፤ በዓረብኛ ንጉሥ ማለት ሲሆን፥ ግእዝ የተማረ ሰው «አምላክ» ከሚለው ቃል ጋራ ዝምድና እንዳለው ይረዳዋል። ይህ መርከብ በ1896 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ፥ ጄኔራል ኪችነር በ1898 ኦምዱርማንን በወጉ ጊዜ መድፍ የተኰሰ የጦር መርከብ ነው። በ1926 ለክበቡ ማረፊያ ሆነ። ኋላም የዓባይ ሙላት ከውሃው አውጥቶ በየብስ ላይ አስቀመጠው።

በዚህ ሠፈር ከሁሉ የሚበልጠው ገበያ የወሬ ገበያ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደው ስለ መተማና ስለ ጐንደር ዳገት ይናገራል፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው ደግሞ ስለ ዋዲ ሐልፋ ያወራል። እስከ 2014 ድረስ በግብፅና በሱዳን መካከል የየብስ መንገድ ለመንገደኛ ክፍት ስላልነበረ፥ መኪናው ከአስዋን በጭነት ጀልባ ሲሳፈር ባለቤቱ በሌላ መርከብ ይሄድና ንብረቱን ዋዲ ሐልፋ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። መንገደኞቹ ባልና ሚስት ቢሆኑም፥ ሽማግሌም ወጣትም ቢሆኑ፥ በዚያ ሲጠባበቁ ተዋውቀው እስከ ካርቱም አብረው ይነዱ ነበር። በረሓን በአንድ መኪና ብቻ መሻገር እንደ እኔ አስተያየት ድፍረት አይባልም፤ አንዱ ሲሰምጥ የሚስበው ሌላ ያስፈልገዋልና።

የመኪናን ነገር ስናነሣ፥ አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን አንድ ነገር ላስታውስ፤ መኪና፥ ጎማ፥ ፍሬን የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ትግርኛም እነዚሁኑ ይጠቀማል። ሱዳኖች ግን የጭነቱን መኪና ከእንግሊዝኛው ወስደው ሎሪ ይሉታል። ማን በየት በኩል እንደ ገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሸዋ ላይ የመንዳት ብልሃት አስተማሪው ራልፍ ባግኖልድ የተባሉ እንግሊዛዊ መኰንን ናቸው። ከጓደኞቻቸው ጋራ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በዕረፍት ጊዜያቸው፥ ከኪሳቸው እያወጡ፥ በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሓ ይጐበኙ ነበር፤ በ1932ም ከካይሮ ተነሥተው እስከ ሱዳን ኤል ፋሸር ደረሱ። የጎማውን ነፋስ ቀነስ ሲያደርጉት ጎማው ይሰፋና በአሸዋው ላይ ይተኛል፤ ቢሰምጥም ከጎማው ፊት የብረት ሰሌዳ ይነጠፍለታል። ከራዲያተሩ የሚወጣውን እንፋሎት በጣሳ አጠራቅመው መልሰው ይጠቀሙበት ነበር። የመኪናው ብረት ኮምፓስን ስለሚያሳስት፥ በፀሐይ ጥላ አቅጣጫን የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ። የካርቱም መንገደኞች በመኪናቸው ጣሪያ ላይ አስረውት የሚዞሩት ሰሌዳ የዚያ ልጅ ነው።

ነገር ግን ለመዝናኛ የተማሩት ጥበብ በ1940 ለጦርነት ተፈለገ፤ ባግኖልድም በዚያው ዓመት በካይሮ የበረሓ ረዥም ርቀት ቃኚ ጦር አቋቋሙ። በሱዳንም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ደረሰ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል ውጊያ በካርቱም ሲጀመር፥ ከባድ መትረየስ ተጭኖባቸው በየጐዳናው የሚሮጡት እነዚያው በአራቱም ጎማ የሚነዱ የቶዮታ ፒካፖች ነበሩ። ለሽርሽር የሚፈለገው ጥንካሬያቸው ለጥፋትም አገለገለ። ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው።

መንገደኞቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ኢትዮጵያ ይጓዙበት የነበረው መንገድ በገዳሪፍ በኩል ገላባት ይደርሳል፤ ከዚያ ትንሽ ድልድይ ተሻግረው መተማ ይገባሉ። በ2023 የጸደይ ወራት በዚያው ድልድይ የመጡት አውቶቡስ ያገኙም በእግራቸውም የሆኑ ስደተኞች ነበሩ፤ ሱዳናውያን፥ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፥ ከሩቅ አገር የመጡ ሠራተኞችም። ብዙዎቹም ሌሊቱን ያሳለፉት በመተማ፥ በሸራ ሥር ነው።