የሩቅ ጎተራ

የቆቦ ገበሬ ማሽላውን ጎተራው ያስገባል፤ ሲሻው ከፍቶ ይሰፍራል። ኮምፒውተሬም ጎተራ አለው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የሶፍትዌር መደብርን በሆዱ ይዞ መጣ፤ ማክ በ2011፣ ዊንዶውስ በ2012 ተከተሉት። ከነቫይረሱ ፍላሽ መቀባበል ቀረልኝ። ስሙን ጽፎ «ጫን» ማለት ብቻ! ያረጀውን ያድሳል፤ የተጠላውን ያስወጣል።

ነገር ግን የዚህ ጎተራ እህል ያለው ሩቅ አገር ነው። በ2021 ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ ስልኩም ኢንተርኔቱም መብራቱም ጠፋ። መደብሩ አንዲት ፕሮግራም እንኳ ማውረድ ተሳነው። በደጉ ቀን የጫንኩት የአማርኛ መጻፊያ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ፊደሌን ሰጠኝ፤ ባትሪው እስኪያልቅ የሆነውን ጻፍኩበት።

ዛሬ መደብሩ በተከፈተልኝ ቁጥር የማወርደው ለክረምት እንደሚያከማች ሰው ነው፤ መጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ ሌላው።