ግድግዳው ላይ የነበሩት ፎቶዎች

የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ኮልስቪል መንገድ ላይ በነበረበት ዘመን የወጣቶቹ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር የደም መጣጮችና የጠንቋዮች ታሪክ ነበር። የደራሲው የባሪ ላይጋን መጽሐፍ ያገኘሁት በዚያ መሀል ነው። «አይ ሀንት ኪለርስ» ይላል ርዕሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የሦስት ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። እንግሊዝኛን ከክፍል ትምህርት ይልቅ ያስለመደኝ እንዲህ ያለው ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ የቸኮለ ሰው ለማያውቀው ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ጃዝ ዴንት 17 ዓመቱ ነው። ሎቦስ ኖድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አእምሮዋ ከተናጋ አያቱ ጋር ይኖራል። አባቱ ቢሊ ከ120 በላይ ሰው ገድሎ ታስሯል። ከመታሰሩ በፊት ግን ልጁን አስተምሮታል፦ ደም እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሰው በምን ቃል እንደሚታለል፣ ፖሊስ ምን እንደሚፈልግ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ የሴት አስከሬን ይገኛል። ሸሪፉ ሌላ ተከታታይ ገዳይ በከተማዬ የለም ብሎ ሲሟገት፣ ጃዝ ገዳዩ የሚያስበውን ቀድሞ ያስባል። በዚያ ዕድሜዬ ያሰከረኝ ይህ ነበር፤ ትልልቆቹ ያላዩትን የሚያይ ልጅ።

እናቴ ሽፋኑን አይታ አልወደደችውም። ነርሲንግ ሆም ሥራ አድራ ስትመለስ ሶፋው ላይ አገኘችውና «ይሄ የሰው አራጅ ታሪክ ምን ያደርግልሻል? ሌላ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። የምትፈራው ለእኔ ነበር። ሰው በማናውቅበት አገር፣ ልጇ ሌሊት ብቻዋን በምታድርበት አፓርታማ፣ የገዳይ ታሪክ በገዛ እጄ ቤት ማስገባቴ አልዋጥላት አለ።

ዘንድሮ ሦስቱንም እንደገና አነበብኳቸው። ያን ጊዜ በችኮላ ያለፍኩት አንድ ነገር አሁን አላሳልፍ አለኝ። ጃዝ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ አባቱ የገደላቸውን ሰዎች ፎቶ በተርታ ለጥፏል። ሲተኛም ሲነሳም ያያቸዋል። ሰው ዕቃ እንዳልሆነ፣ ሰው ሰው እንደሆነ ለራሱ ደጋግሞ ይነግራል፤ ያደገው ተቃራኒውን እየሰማ ነውና። የመጽሐፉ ጭንቀት ገዳዩ ይያዝ ይሆን ወይ አይደለም። የአባቴ ደም በውስጤ ምን እያደረገ ነው የሚል ልጅ ጭንቀት ነው። ጨለማው እዚያ ነው ያለው፣ ክብሩም እዚያው ነው።

ይህ ደግሞ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ካንሳስ ውስጥ፣ በዊቺታና አካባቢዋ፣ ዴኒስ ሬደር እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1991 ድረስ 10 ሰው ገድሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሰብሳቢ ነበር፤ ሁለት ልጆች አሳድጓል። በ2005 ሲያዝ የኤፍ ቢ አይ ሰው የልጁን የኬሪ ሮውሰንን በር አንኳኳ። ፖሊስ የአባትዬውን ማንነት ያረጋገጠው እሷ ሳታውቅ፣ ከሕክምና ናሙናዋ በወሰደው ዲኤንኤ ነው። በ2019 የራሷን መጽሐፍ ጻፈች። ጃዝ በልብ ወለድ የሚጠይቀውን እሷ ኖራዋለች።

እኔ መጽሐፉን መጀመሪያ ባነበብኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያነብ ወጣት «ምን ነክቶት ነው?» ይባል ነበር። አሁን አገሩ ሁሉ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ መኪና ሲነዳ፣ ልብስ ሲያጥፍ የነፍሰ ገዳይ ፖድካስት ያዳምጣል። እናቴም ከሥራ ስትመለስ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ የምታየው ይህንኑ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ ደክሟት የሚመጣላትን ነው የምታየው። የሚከነክነኝ የሚመጣላት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትፍሊክስ 17 ወንዶችንና ልጆችን ስለገደለው ስለ ጄፍሪ ዳመር ድራማ ሲያወጣ፣ የአንዱ ሟች እህት ማንም እንዳላማከራት በአደባባይ ተናገረች። ፍርድ ቤት ውስጥ የጮኸችው ጩኸት በተዋናይ ተደግሞ ዓለም አየው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኢቤይ የዳመርን የሃሎዊን ልብስ እንዳይሸጥ ማገድ ነበረበት፤ ሊለብሰው የሚፈልግ ነበራ። የገዳዩን ስም የማያውቅ ጎረምሳ የለም። ከ17ቱ የአንዱን ስም እንኳ ንገረኝ ብትሉት ዝም ይላችኋል። በእኔ ሚዛን፣ «ለልጅ አይሆንም» የተባለው ልብ ወለድ አዋቂ ከሚያየው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ጨዋ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ፣ 15 ዓመቷ፣ የሚነበብ ስጪኝ ስትለኝ ሦስቱንም አመጣሁላት። እናቴ ሽፋኑን አይታ ምንም አላለችም። ልጅቷ የመጀመሪያውን በሁለት ቀን ጨረሰች። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ደራሲው ጃዝንም፣ ፍቅረኛውን ኮኒንም፣ ደሙ ከፈሰሰ የማይቆምለትን ጓደኛውን ሃዊንም በአንድ ጊዜ ሞት አፋፍ ላይ ጥሏቸው መጽሐፉን ይዘጋል። እኛ ከዚያ በኋላ ሦስተኛው እስኪታተም ከዓመት በላይ ጠብቀናል። እሷ እጇን ዘርግታ አነሳችው። ማታ ደወለችልኝ፤ ስለ ቢሊ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። «አክስቴ፣ ፎቶ የተለጠፈላቸው ሰዎች ቤተሰቦች መጥተው ያዩታል?» አለችኝ።