የከረመ

ቢራው የመጣው በሦስት ጣሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ በሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከቶት ነበር። «ይኼ የመስከረም ቢራ ነው፣ ሌላ ጊዜ አይገኝም» ብሎ ሰጠኝ። ጣሳው ላይ ሳሙኤል አዳምስ ኦክቶበርፌስት ይላል። እኔ የቢራ አዋቂ አይደለሁም። ከቀዘቀዘና ከጓደኛ ጋር ከሆነ ይበቃኛል።

አንዱን ጣሳ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት። ብርጭቆ ውስጥ ስቀዳው የለመድኩት ቢጫ ቀለም አልነበረም፤ ወደ ቀይ ያደላ፣ ቀጠን ያለ ሻይ የሚመስል ነው። ስጎነጨው መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ የዳቦ ቅርፊት ዓይነት ጣፋጭነት ነው። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። እሳት የነካው ገብስ። ብረት ምጣድ፣ ጭስ፣ የእናቴ ማማሰያ።

«አሻሮ!» አልኩ፣ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ።

አሻሮ ለማታውቁ፦ ለጠላ ተብሎ የሚታመስ እህል ነው። ለጠላው ቀለሙንና ያን የተጠበሰ ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። እኔ ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም። የጠላ ሻጭ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

*

ያደግኩት ኩልመስክ ነው። ሰው «ከየት ነሽ?» ሲለኝ «ከላሊበላ» እላለሁ፤ ይቀለኛል። ላሊበላን ዓለም ያውቀዋል፣ ኩልመስክን ግን ማስረዳት አለብኝ። ብርድ ነው፣ ገብስ ነው፣ ገደል ነው። ላስታ ማለት ለእኔ ከቤተ ጊዮርጊስ በፊት ጠዋት ጠዋት ጋቢ ለብሶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ነው።

ደጃችን ላይ አንድ እንጨት ተተክሎ ነበር፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፣ ከወረደ አልቋል። ማስታወቂያችን ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ላይ ሲያስወጣ ቢራ ፋብሪካዎቹ ስንት ነገር አሰቡ፤ የእናቴን እንጨት ግን ማንም አልነካውም።

እናቴ በዚያ እንጨት አራት ልጅ አሳድጋለች። ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች። ገብሱን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና አብቅላ፣ አድርቃ ታስፈጫለች። ቂጣ ትጋግራለች፣ አሻሮ ታምሳለች፣ ትደፈድፋለች፣ ውሃ ትጨምራለች፣ የጋኑን አፍ ትመርጋለች። ከዚያ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ጥላ ታዳምጣለች። ልጅ ሆኜ ጋኑ የሚያወራት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚፈላውን ነው የምትሰማው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ መቅዳት ነበር። ሰው ሞቅ ሲለው አንዲት ልጅ ላይ ምን ምን እንደሚናገር የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ ከጓዳ ሆና አንድ ጊዜ «እንዴ!» ካለች ቤቱ ጸጥ ይላል። ያም ሆኖ ልብሴ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። ክፍል ውስጥ «የጠላ ቤቷ» ይሉኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስገባ የምንሞላው ቅጽ መጣ። የእናት ሥራ የሚል ቦታ አለው። «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልቀጣኝም። እዚያው ቀረ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ላይ ያንኑ ጻፍኩ፤ ስምንተኛ ክፍልም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይም።

*

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ላሊበላ ተያዘች፤ ስልኩም ጠፋ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየቀኑ የእናቴን ቁጥር እደውላለሁ፣ በየቀኑ ያቺው የተቀዳች ሴትዮ ታናግረኛለች። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ጥቅምትና ኅዳርም አለፉ። ብዙዎቻችሁ ይህን ስለምታውቁት አላረዝመውም። ስልኩ ተከፍቶ ድምፅዋን ስሰማ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንዴት ከረማችሁ?»

እሷም «ከርመናል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ቆይታ ግን «ዘንድሮ ለመስቀል አልጠመቅኩም፤ ጋኖቹ ባዶ ናቸው» አለች፤ ሰው የሞተባት ያህል ነበር አባባሏ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ብዙ መስቀል ሳልሄድ አመለጠኝ። ባለፈው መስከረም ቲኬት ሳገኝ የቀሩትን ሁለት ጣሳዎች ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ለእናቴ ጫማ፣ ነጠላና መድኃኒት ይዤላታለሁ። በልቤ የያዝኩላት ግን ያን ቢራ ነበር። አሻሮውን ታውቀው እንደሆነ ማየት ፈለግኩ።

*

የመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ደመራው ተቃጥሏል፣ እንግዳው ቀለል ብሏል፤ ቤት የቀረነው እኔ፣ እናቴና ጎረቤታችን መሪጌታ ነን። ጣሳዎቹን ከጠዋት ጀምሮ ባልዲ ውሃ ውስጥ አቆይቻቸው ነበር። የኩልመስክ ውሃ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ቀድቼ ለእናቴ ልሰጣት ስል እጄን ገታችው። «አንቺ ቅመሽ መጀመሪያ። ባለቤቱ ሳይቀምስ ይቀዳል እንዴ? ምን አስተማርኩሽ?» ቀመስኩ፣ ከዚያ ሰጠኋት።

መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ በአፏ ያዝ አድርጋ ቆየች፤ ጠላ ስትቀምስ እንደምታደርገው። ዋጠች።

«አሻሮ አለው» አለች።

እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ጌሾው ግን ሰነፍ ነው። ማን ነው እንዲህ የሰሰተበት?»

«ጌሾ አይደለም እማዬ፣ ሆፕ የሚባል ነው። ከጀርመን አገር ነው የሚያመጡት።»

«እንግዲያው ጀርመን ነው የሰሰተው።» ደግማ ተጎነጨች። አሁን ቀስ አለች። «ይኼ በችኮላ የተጠመቀ አይደለም። የከረመ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ብርጭቆዬን ያስቀመጥኩት። የዚህን ቢራ ታሪክ ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ከርሜ ነበር፣ ያነበብኩትን ሁሉ እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመኖቹ ይህን ዓይነት ቢራ ሜርትሰን ይሉታል፣ የማርች ቢራ ማለት ነው። በባቫሪያ ድሮ በበጋቸው ሙቀት የተጠመቀ ቢራ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ በ1553 እ.ኤ.አ. መስፍናቸው ወቅት ወሰነ፦ ቢራ የሚጠመቀው ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23 ብቻ ነው። ስለዚህ ጠማቂዎቹ ማርች ላይ ጠንከር አድርገው ይጠምቁና በቀዝቃዛ ዋሻና ምድር ቤት ያስቀምጡታል። ሙቀቱ አልፎ አዲሱ ቢራ እስኪደርስ ድረስ እየተጠጣ ይቆያል፤ የተረፈው መስከረም ላይ ያልቃል። ላገር የሚለው ስም ራሱ በቋንቋቸው «ማስቀመጥ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እነሱ በጋ የሚሉት ጊዜ ደግሞ በእኛ ክረምት ነው። ከመጋቢት ተጠምቆ፣ ሰኔን ሐምሌን ነሐሴን ተሻግሮ መስከረም የደረሰ ቢራ በአማርኛ ሌላ ምን ይባላል? ከረመ። ክረምቱን ዘለቀ።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። መሪጌታ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ያን ቀን ምንድን ነው ያልሽው? ማቆሚያውን?» አሉኝ።

«23። የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓላቸው ነው። መጀመሪያው ደግሞ የሚካኤል።»

«የኛም 23 ነው» አሉ፣ በጣም ረክተው። «ሚያዝያ 23። ወሩ በቀናት ይለያያል እንጂ ሰማዕቱ አንድ ነው። ታዲያ እዚህ አገር በ1915 ቢራ ሲጀምሩ ጊዮርጊስ ያሉት በከንቱ መሰለሽ?» ፋብሪካው ስሙን ከባቫሪያ ሕግ እንዳልወሰደው ልነግራቸው ነበር፤ ተውኩት። በመስቀል ቀን ከመሪጌታ ጋር ክርክር አይገባም።

አንድ ነገር ግን ጨመርኩላቸው። ሙኒክ ውስጥ ያለው ትልቁ የቢራ በዓል፣ ኦክቶበርፌስት፣ በ1810 እ.ኤ.አ. በልዑላቸው ሠርግ ተጀምሮ ዛሬም ድረስ ሴፕቴምበር ላይ ይከፈትና ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ያበቃል፤ የእኛ መስቀል ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ይውላል። የሚገርመው ግን ዛሬ በዚያ በዓል ድንኳኖች ውስጥ የሚቀዳው ይህ ቀዩ ቢራ አይደለም። ነጣ ባለ፣ ቀለል ባለ ቢራ ተክተውታል። ቀዩን፣ የአሻሮ ጣዕም ያለውን፣ በየመስከረሙ «ኦክቶበርፌስት» ብለው የሚጠምቁት በብዛት አሜሪካኖቹ ናቸው።

እናቴ ሳቀች። «እንደ አክስትሽ ነዋ! አሜሪካ ሄዳ እኛ የተውነውን ዘፈን አሁንም ትሰማለች።»

*

ሁለተኛውን ጣሳ ስከፍት እናቴ ባዶውን አንስታ ታገላብጠው ጀመር። እናቴ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለችኝ።

አነበብኩላት። 5.3 በመቶ አልኮል፣ 355 ሚሊ ሊትር፣ ስሙ፣ የተጠመቀበት ድርጅት። ከጣሳው ውጪ ያነበብኩትንም ነገርኳት፦ ድርጅቱን የመሠረተው ጂም ኮክ የሚባል ሰው እንደሆነ፣ አባቶቹ ጠማቂዎች እንደነበሩ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ከቅድመ አያቶቹ የቆየ አጠማመቅ ተነስቶ የመጀመሪያውን ቢራ በገዛ ወጥ ቤቱ እንደጠመቀ። በዚህም አላፈረም፤ እንዲያውም ለሰው ሁሉ የሚያወራው ታሪክ እሱ ነው።

«በወጥ ቤቱ?»

«አዎ።»

«የአባቶቹን ሙያ?»

«አዎ።»

ምንም አላለችም። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። የአባቶቹን ድስት ይዞ በወጥ ቤቱ የጀመረ ሰው በኩራት ሲያወራ፣ የእናቷን ጋን ይዛ በጓዳዋ የጠመቀች ሴት ልጅ በቅጽ ላይ ደበቀቻት። ያው ገብስ፣ ያው ውሃ፣ ያው እሳት። በዚህ አገር በየደጁ የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው፣ የማንኛቸውም ስም ግን በምንም ነገር ላይ አልተጻፈም። ፋብሪካ ሲጠምቀው ኢንዱስትሪ ነው፤ ፈረንጅ በትንሹ ሲጠምቀው ጥበብ ነው፤ እናቴ ስትጠምቀው ስድብ ነው። እኔም ከተሳዳቢዎቹ ወገን ነበርኩ።

ነገርኳት። መሪጌታ ፊት። የአምስተኛ ክፍሉን ቅጽ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትንም ሁሉ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«አስተማሪሽ የት ነበር የሚጠጣው? እዚችው መደብ ላይ ነው። ያን ጊዜውኑ ነገረኝ፣ እየሳቀ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን እልሻለሁ? አንቺ ሕፃን ነሽ። እሱ ደግሞ ዱቤ ነበረበት።» መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ አልሳቀችም። ቆየት ብላ «አሞኝ ነበር» አለች። «ቀስ እያለ ለቀቀኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ተይው፣ በዓል ነው» አለችና ተነስታ ከጋኑ ቀዳችልኝ፤ ቀምሳ ሰጠችኝ። ከቢራው ቀጥሎ ስጠጣው ጌሾው ምላሴን ያዘው። ጎምዘዝ ያለ፣ ወይራ ወይራ የሚል፣ የማያባብል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የአሜሪካኖቹ ቢራ ጥሩ ነው፣ ብታገኙ ቅመሱት። ግን በአንድ ጉንጭ ውስጥ ራሱን ሁሉ ይነግራችኋል። የእናቴ ጠላ ሦስተኛው ጣሳ ላይ ነው መናገር የሚጀምረው።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢ ለብሼ ፀሐይ ልሞቅ ስወጣ እንጨታችን ላይ ያለው ጣሳ ተቀይሯል። ድሮ የወተት ዱቄት የነበረው፣ የዛገው ጣሳ ወርዷል። በቦታው እናቴ የሳሙኤል አዳምስን ጣሳ አጥባ፣ ክዳኑን በቢላ ቆርጣ ደፍታበታለች። ያልፍ የነበረ አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየና ወደ ጓዳ ተጣራ።

«ቢራ ጀመራችሁ እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «ጠላ ነው። ግባ።»