ለማይታረስ መሬት ኪራይ!

መቼም የኛ ሰው የትም ቢሄድ ፋሲካን ያለ በግ አያልፋትም። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሐበሾች በዓል ሲቃረብ ሥራችን ስልክ መደዋወል ነው። «በግ የት አገኛችሁ? ስንት አሏችሁ?» የሱቅ ሥጋ አይጥመንማ! እናላችሁ፣ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የአክስቴ ልጅ በጠዋት መጣና «ከድልድዩ ማዶ በግ የሚሸጥ ገበሬ አግኝቻለሁ፤ ተነሺ» አለኝ። ሌሊቱን ሥራ ላይ አድሬ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቢሆንም ገጠር ማየት ናፍቆኝ ነበርና ዘልዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ድልድዩ ቼሳፒክ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ የሚያሻግረው ነው። ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ወደ ታች ማየት ልብ ይጠይቃል። እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ነው የተሻገርኩት። (ለምትሄዱ አንባቢያን አንዲት ምክር፦ የድልድዩ ክፍያ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ ስትመለሱ ነፃ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ወጪውን እጥፍ አስቦ ከበጉ ዋጋ ላይ ሊያስቀንስ ተዘጋጅቶ ነበር!)

ማዶው ሌላ አገር ነው። ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራበት ማሳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። በየመሐሉ እንደ መጋዘን የረዘሙ የዶሮ ቤቶች አሉ። ኩሱ ማሳ ላይ ይበተናል፤ የሽታውን ነገር ተዉት! የገበሬው ቤት ታካሆ ከሚባለው ወንዝ ብዙም አይርቅም። ያ የጥቁሮች ነፃነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት የተወለደው በዚሁ ወንዝ አቅራቢያ ነው።

ገበሬው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቆባቸው ፀሐይ የበላው ሽማግሌ ናቸው። የአክስቴ ልጅ የበጎቹን ወገብ እየዳበሰ ክርክሩን ሲጀምር እኔ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። እንዴ! ከማሳው ጫፍ እስከ ውኃው ድረስ ነጫጭ ነገር በሰልፍ ተተክሏል። ቁመቱ እስከ ደረቴ፣ ብዛቱ በመቶ የሚቆጠር። የመቃብር ቦታ መሰለኝና ክው አልኩ። ሽማግሌው ከኋላዬ መጥተው ሳቁብኝ። መቃብር አይደለም፣ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በያንዳንዱ ውስጥ አጋዘን እንዳይበላው አንድ አንድ የዛፍ ችግኝ አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ እውነትም ጣት የምታህል ቅጠል ብቅ ብላለች።

«ይህን መሬት ለምን አያርሱትም?» አልኳቸው።

«መንግሥት ተከራይቶኛል» አሉኝ።

አልገባኝም። ኋላ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ከወንዙ ዳር ተነስቶ ቢያንስ 35 ጫማ፣ ማለትም አሥር ሜትር ከፍ የሚል ስፋት ከእርሻ ይወጣል። ዛፍ ወይም ሣር ይተከልበታል፤ በጎቹም ውኃው ውስጥ እንዳይገቡ ይታጠራል። ለችግኙና ለአጥሩ ወጪ መንግሥት ያግዛል። ከዚያ በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ውሉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው፤ የእሳቸው 15 ነው። ለማይታረስ መሬት ኪራይ ማለት ይሄ ነው፤ ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ የመጣው ከዚያ ከተሻገርነው ባሕር ነው። ስድስት የአሜሪካ ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ዝናባቸው ወደ ቼሳፒክ ይፈሳል። ዝናቡ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከማሳው ማዳበሪያና ኩስ ጠርጎ ይመጣል። ውኃው ውስጥ ማዳበሪያው አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር ያበዛዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም፣ ሸርጣኑም ይታፈናል። (እኛ ሸርጣን ባንበላም ለዚህ አገር ሰው ዶሮ ወጥ ማለት ነው።) በወንዙ ዳር ያለው ዛፍና ሣር ጎርፉን ያቀዘቅዘዋል፣ አፈሩን ያስቀራል፣ ሥሩም ማዳበሪያውን ይመጠዋል። መሬትን ከእርሻ እያወጡ የመከራየቱ የአሁኑ ፕሮግራም በአሜሪካ ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ፌዴራሉና ስቴቱ ገንዘብ አዋጥተው ወንዝ ዳርን የሚከራዩበትን ውል ግን ከሁሉም በፊት፣ በ1997፣ የተፈራረመችው ይህችው ሜሪላንድ ናት።

ሽማግሌው ቅዱስ ነኝ አላሉም። «ያከራየሁት መጥፎውን መሬቴን ነው» አሉኝ በግልጽ። ረግረግ ነው፣ ትራክተር ይይዛል፣ በቆሎውንም አጋዘን ይበላዋል። ከሚታረሰው የሚከራየው አዋጣቸው፤ በቃ። እኔ ይህን ንግግራቸውን ወደድኩት።

ግን ውሉ ሲያልቅስ? እሳቸውም የሚያሳስባቸው እሱ ነው። የእህል ዋጋ የወጣ ዕለት ገበሬው ፊቱን ወደ ማረሻው ያዞራል። በ1985ቱ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 በመላው አሜሪካ ከ36 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ተከራይቶ ነበር። በቆሎ ተወደደ፣ ምክር ቤቱም የሚከራየውን መጠን ቀነሰ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 23 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። «ልጄ ዛፉን ይተወው ይቁረጠው እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ ሽማግሌው፣ አንዱን የተጋደመ ቱቦ እያቃኑ።

እኔ ግን ልቤ ፎገራ ሄዷል። አጎቴ እዚያ ወደ ጉማራ በሚገባ አንድ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ነው የሚያርሰው። በየክረምቱ ዳሩ ይናድና መሬቱ በዓይኑ እያየ ይሄዳል። ወደዚህ አገር ልመጣ ስሰናበተው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ አዋቂ ነኝና፣ «አጎቴ፣ ዳሩን ተወው እንጂ! አፈሩን እኮ ራስህ ነህ የምታስበላው» ብዬ ሰው ፊት ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ «ልጄ፣ ዳሩን ከተውኩማ መሐሉ ስንት ቀረኝ?» አለኝ። ያን ጊዜ ሰነፍ ሰበብ መስሎኝ ነበር። እኒህ ሽማግሌ መቶ ኤከር አርሰው ለተዉት ጥቂት መሬት ይከፈላቸዋል። አጎቴ ሙሉ ጥማድ እንኳ የለውም፤ በነፃ ተው ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያ ቱቦው መሐል ቆሜ አፈርኩ።

በጉን ጭነን ማታ ቤት እንደገባን ደወልኩለት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «የምን?» አለኝ፣ ረስቶታል ወይም የረሳ መስሏል። ከዚያ የሽማግሌውን ነገር ተረኩለት። እያቋረጠ «ሳያርሱ?» ይላል።

«አዎ፣ ሳያርሱ።»

«መሬቱ የማን ነው?»

«የራሳቸው።»

ሳቀ። «እዚህ እኮ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መንግሥት የራሱን መሬት ከኔ ሊከራይ ነው?»

መልስ አጣሁ። ኪራይ ባይሉት እንኳ የጎደለበትን ሽንኩርት ማካካሻ ቢሉት ምን ነበረበት? ይህንኑ አልኩት። ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል፦

«ለመሆኑ የሽንኩርቱን ዋጋ የሚተምኑት በሰኔ ነው በጥቅምት?» አለኝ።