ቅጠሉና መጠይቁ፦ የጭሮ በርጫ በአሜሪካ የምስጢር ፈቃድ ሚዛን

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚያመራው መንገድ ጭሮን፣ ብዙዎች እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የሚሏትን ከተማ፣ አልፎ ወደ ሂርና ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ዳር ጫት የገበሬው ገቢ፣ የዱዓው ማድመቂያ፣ የለቅሶ ቤቱም ማጽናኛ ነው። የቅጠሉ ኃይል ካቲኖን ከተባለው ንጥረ ነገር ይመነጫል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚዳከም ጫት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አያድርም።

ይኸው ካቲኖን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው የቁጥጥር መደብ ሰፍሯል። በአንጻሩ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሱቅ የሚሸጠው ካናቢስ በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ወንጀሉ ከቅጠሉ ሳይሆን ከድንበሩ የበቀለ ይመስላል።

በጭሮ ያደገ፣ ኋላም የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ አንድ መሐንዲስ የመንግሥት ምስጢር የሚጠበቅበት ሥራ ቢያመለክት ኤስኤፍ 86 የተባለውን መጠይቅ ይሞላል። መጠይቁ ባለፉት 7 ዓመታት ስለ ነበረ ሕገ ወጥ የዕፅ አጠቃቀም ይጠይቃል። በጭሮ ሳለ የቃመው ጫት የአገሩን ሕግ አልጣሰም፤ አሜሪካ ከገባ በኋላ ደርቆ በፖስታ የደረሰውን ቢቅም ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ያለፈ ጥፋት በራሱ በር አይዘጋም። የያኔዋ የብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር አቭሪል ሄይንስ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጡት መመሪያ የቀድሞ የማሪዋና አጠቃቀም የሚታይ እንጂ ብቻውን ወሳኝ እንዳልሆነ ተገልጿል። ሕጉ የሚያግደው ዛሬም በሕገ ወጥ መንገድ የሚጠቀመውን ነው። እውነትን መደበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት ነው፤ ተጠቅሞ ካመነ ይልቅ ተጠቅሞ የካደ ይጎዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የመመዘኛ መመሪያ አመልካቹ መለወጡን ከሚያሳይባቸው መንገዶች መካከል ከተጠቃሚ ባልንጀሮች መለየትንና ዕፁ ከሚዘወተርበት አካባቢ መራቅን ይጠቅሳል። ለጎዳና ላይ ልማድ ይህ ብልህ ምክር ነው። ለጭሮው ልጅ ግን ባልንጀራ የተባለው አጎቱ፣ አካባቢ የተባለውም የአባቱ ግቢ ነው። አባቱን ሊቀብር ቢመለስ፣ ሐዘንተኞች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ቅጠሉን ሲቀባበሉ ያገኛቸዋል። ተነሥቶ ቢወጣ ለቅሶውን ናቀ ይባላል፤ ቢቀመጥ የራቀው አካባቢ መሐል ነው።

መመሪያው እያንዳንዱ ጉዳይ በሙሉ ሰውነቱ እንዲመዘን ያዝዛልና መዛኙ ይህን መለየት ይችላል፤ መለየት የሚችለው ግን ሲነገረው ነው። ስለዚህ የጭሮው ልጅ ማድረግ ያለበት እጁን ከቅጠሉ ሰብስቦ ከወገኑ ጋር መቀመጥ፣ ሲጠየቅም ለቅሶ ቤቱን እንዳለ መናገር ነው።