ካፖ ስንፍና ነው?

ጊታር ባለበት የአምልኮ ቡድን ሁሉ የማያልቅ ክርክር አለ፦ ካፖ ይደረግ ወይስ አይደረግ? ለማታውቁት፣ ካፖ ማለት የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ክሮቹን ሁሉ በአንድነት ይጫንና ድምፁን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በእያንዳንዱ ፍሬት ግማሽ ድምፅ። ዘማሪዋ ቢ ፍላት ላይ ልዘምር ካለች፣ ጊታሪስቱ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካፖውን ያስርና የለመደውን የጂ ኮርድ ይይዛል፤ ዘፈቀደ ሳይሆን ልክ ቢ ፍላት ይወጣል።

በቡድናችን ያሉ የቆዩ ተጫዋቾች ይህን "ምርኩዝ" ይሉታል። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። የእኛ ዘማሪዎች መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ድንገት አንድ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይወዳሉ፤ ያኔ ሌላው ሁሉ አብሮ ሲወጣ ባለ ካፖው እዚያው ይቀራል። (በመዝሙር መካከል ካፖ ሲንሸራተት የሚወጣውን ጩኸት የሰማ አይረሳውም።) ዓመታት ተጫውተው ባር ኮርድ ያልሞከሩ ልጆችም አሉን።

ግን ኪቦርዲስታችን ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ሁለቴ ተጭኖ ሲጫወት ሰነፍ ያለው ማንም የለም። ክራር ደርዳሪም ክሩን እያጠበቀና እያላላ ለዘማሪው ድምፅ ይቃኛል። ደግሞ ካፖ የጀማሪ ብቻ አይደለም፤ የፍላሜንኮው ሊቅ ፓኮ ዴ ሉሲያ ይጠቀምበት ነበር፣ እሱን ደግሞ ጣቱ ደከመ የሚል አይገኝም። ነገሩ የድምፅ ቀለም ነው። ባር ኮርድ ስትይዙ ክፍት የነበሩት ክሮች ይታፈናሉ፤ በካፖ ግን እንደ ልብ ያስተጋባሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገና ሁለተኛ ሳምንቷን ስታገለግል፣ አንድ ወንድም በልምምድ ላይ በሁሉ ፊት "እህቴ፣ ለጌታ በምርኩዝ አይመጣም" ብሎ ካፖዋን ነቀለው። ሦስት ቅዳሜ ቀረች።

ይህ ወንድም ሁልጊዜ 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን ይጠቅሳል፤ በዚያ የተቆጠሩት 288 ዘማሪዎች ሁሉ ብልሃተኞች ነበሩና። ትክክል ነው። አብረን ቁጭ ብለን ቀጣዩን ቁጥር አነበብን፦ ዕጣ ሲጣጣሉ ታናሹም ታላቁም፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ነበሩ። ዝም አለ። ከዚያ "እንግዲያው የሚያስተምራት ማን ነው?" አለኝ። እኔ ጊታር አልችልም፣ እሱም ያውቃል።

አሁን እሑድ በካፖ ታገለግላለች። ቅዳሜ ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ካፖው ኪሷ ውስጥ ገብቶ፣ እሱ ባር ኮርድ ያስተምራታል። ኤፍ ኮርዷ አሁንም ይንጫጫል፤ በተለይ የመጀመሪያዋ ክር እንቢ ብላለች። ባለፈው ቅዳሜ ሳልፍ ያየሁት ግን፣ እሱ ካፖዋን ተውሶ አምስተኛው ፍሬት ላይ አስሮ የሆነ ነገር ሲሞክር ነው። ሲያየኝ አወለቀው።