ዶማ የያዙት

የጦርነት ታሪክ ሲነገረን ጠመንጃ የያዘውን እንጂ ዶማ የያዘውን አናይም። አባቴ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የጨረሰ የቀን ሠራተኛ ስለነበር ነው መሰል፣ እኔ የዘመቻ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ “ለመሆኑ መንገዱን ማን ሠራው?” የሚለው ነው። የመቅደላንም ታሪክ ያነበብኩት በዚሁ ዓይን ነው።

በሕንድ አገር የማድራስ ሳፐሮች የሚባል የመሐንዲስ ጦር አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ዛሬም መቀመጫውን ቤንጋሉሩ አድርጎ በሕንድ ሠራዊት ውስጥ ያገለግላል። ሳፐር ማለት ከሠራዊቱ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ የሚጠርግ፣ ድልድይ የሚዘረጋ፣ ምሽግ የሚንድ ወታደር ነው። ይህ ክፍል በክብር ከሚያስመዘግባቸው ዘመቻዎች አንዱ “አቢሲኒያ” ይባላል። ነገሩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ጦሯን ከሕንድ ስትልክ፣ አዛዡ ጄኔራል ናፒየር ራሱ በሙያው መሐንዲስ ነበር። 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ከዙላ ተነሥተው 640 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባቸው። የማድራስና የቦምቤይ ሳፐሮች ከእንግሊዝ መሐንዲሶች ጋር ሆነው ባሕሩ ዳር የመርከብ ማራገፊያ ገነቡ፤ ወደ ኩማይሌ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፤ የሱሩን ጠባብ ሸለቆ ድንጋዩን እየፈነቀሉ አሰፉ። ውሃ ፍለጋ መሬት ውስጥ ይቀጠቅጡት የነበረው የብረት ቱቦ እንኳ በኋላ በእንግሊዝ አገር “የአቢሲኒያ ጉድጓድ” የሚል ስም ወጣለት።

በዚያው ወራት፣ በወዲህኛው ወገን ሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያመራሉ። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስጠረቡ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸው በመጋቢት መቅደላ ገቡ።

አንባቢ ሆይ፣ የሚያንገበግበው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የናፒየር ጦር ከጅዳ ገደል አፋፍ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ ቁልቁል ተዘርግቶ ጠበቀው። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያሰናዱት ነበር። ጠላት በዚያው ወረደ፤ በዚያው ወጣ።

ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች ከመቅደላው ኮኬት በር ደረሱ። በሩን በባሩድ መስበር የመሐንዲሶቹ ፋንታ ነበር፤ ባሩዱ ግን ተረስቶ ወደ ኋላ ቀርቷል። የ33ኛው ሬጅመንት እግረኞች በአጥሩ ተንጠላጥለው ገቡ፤ ከእነሱም ሁለቱ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ወራት ሙሉ ድንጋይ ሲፈነቅል የከረመው መሐንዲስ ግን የመቅደላ ነገር በተነሣ ቁጥር በዚያች በተረሳች ባሩድ ይታማል።

ሕንዳዊው ሳፐር አገሩን ለያዘ ገዥ ሲል ነው የሰው አገር ተራራ የቆፈረው። የእኛም ሰው ቤቱ ነዶ፣ እህሉ ተዘርፎ ነው ገደል የጠረበው። ሁለቱም ስማቸው አልተጻፈም። ልዩነቱ፣ የዚያኛው ክፍሉ “አቢሲኒያ” እያለ ድካሙን ሲያስታውስለት፣ የእኛው ግን የሚያስታውሰው ክፍል እንኳ የሌለው መሆኑ ነው።

እንግሊዞች ሲመለሱ ሐዲዱን ነቅለው ጫኑት። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ስሙን የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ የለም። መድፍ ግን በራሱ ተራራ አይወጣም። ልጆቻችንን ስለ መድፉ ስናስተምር፣ ያንን ሁሉ ገደል ያሻገሩት ሰዎች ስለያዙት ዶማም ብንነግራቸው ምን ይጎድልብናል?